ስለ ፍቅረ አምላክ የተነሣው የሱፊዎች ክርክር፤ ከባስራ እስከ ወሎ

ስለ ሱፊዎች ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ድቤውና ጭብጨባው፣ ጫቱና ዕጣኑ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቀው ዜማ ነው። ጥቂት ያነበበ ሰው ደግሞ ሱፊዎች ስለ ፍቅር የገጠሙ ባለቅኔዎች እንደነበሩ ያውቃል፤ ይሁን እንጂ ያ ፍቅር ሕግና ሥርዓት የማያውቅ የልብ ስካር መስሎት ያልፈዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ከዚህ የተለየ ነገር ነው። ሰው ፈጣሪውን ሊወድ ይችላልን? የሚለው ጥያቄ በእስልምና የመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ሰዎች በችሎት ፊት የቆሙበት ጥያቄ ነበረ። መልስ ያገኘውም ፍቅርን ከሥርዓት በማላቀቅ አልነበረም፤ ፍቅርን በረዥም የትምህርትና የተግሣጽ መሰላል ጫፍ ላይ በማኖር ነው እንጂ። ወደ ሩቅ አገር፣ እስከ ወሎም ድረስ የተጓዘው ይኸው መምህርና ደረሳ ተቀባብለው የያዙት ፍቅር ነው።

በጽሑፉ ውስጥ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሱፊ የሚለው ስም ሱፍ ከሚለው የዐረብኛ ቃል እንደወጣ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይስማማሉ፤ ቃሉ በአማርኛም ያው ሱፍ ስለሆነ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ልብሱ መጀመሪያ የታየው በኢራቅ ነው። በደቡብ ኢራቅ የምትገኘው ባስራ በ7ኛው መቶ ዓመት የዐረብ ጦር ሰፈር ሆና ተቈረቈረች። ድል ያደረገው ሠራዊት ልጆችና የልጅ ልጆች በምርኮና በንግድ ሲበለጽጉ፣ ብልጽግናው ያሠጋቸው ጥቂት ሰዎች የሱፍ ልብስ ለብሰው፣ ምግብና እንቅልፍ ቀንሰው፣ ስለ ኃጢአታቸው እያለቀሱ መኖር ጀመሩ። ከልቅሷቸው ብዛት የተነሣ ከመካከላቸው «አልቃሾች» የሚል ስም የወጣላቸው ነበሩ። ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ ስሙ የገነነው ሐሰን አልበስሪ (642–728) ሲሆን፣ ስብከቱ በአመዛኙ በፍርሃት ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ሞትን፣ ከሞት በኋላ ያለውን ምርመራና የገሃነምን እሳት ለሰሚው በዐይኑ ፊት ያቆምለት ነበር።

በዚችው ባስራ ከሐሰን ጥቂት ዘግይታ ራቢዓ አልዐደዊያ የተባለች ሴት ተነሣች፤ በ801 ገደማ አርፋለች። በልጅነቷ ለባርነት ተሸጣ ኋላ ነጻ እንደወጣች፣ ባል ሳታገባ በድህነት እንደኖረች ይነገራል። ስለ እርሷ የሚነገረው ዝነኛ ታሪክ፣ በአንድ እጇ እሳት በሌላው እጇ ውኃ ይዛ ስትሮጥ ሰዎች አይተው ወዴት እንደምትሄድ ቢጠይቋት፣ ገነትን በእሳቱ አቃጥላ ገሃነምን በውኃው አጥፍታ፣ ሰዎች አምላክን ስለ ዋጋና ስለ ቅጣት ሳይሆን ስለ ራሱ ብቻ እንዲያመልኩት ለማድረግ እንደምትሄድ መለሰች የሚለው ነው። ታሪኩ ባሕር ተሻግሮ አውሮፓም ገብቷል። የፈረንሳይ ንጉሥ የሉዊ 9ኛ ወዳጅ የነበረው ዡዋንቪል በ1309 በፈጸመው መጽሐፉ፣ የንጉሡ መልእክተኛ የሆነ አንድ መነኵሴ ይህችን መሳይ ሴት በደማስቆ መንገድ ላይ እንዳገኘ ይተርካል። ራቢዓ ግን በዚያን ጊዜ ከሞተች አራት መቶ ዓመት አልፏታል።

የታሪክ ተማሪ እንደመሆናችን እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባናል። ስለ ራቢዓ የሚነገረው አብዛኛው ነገር የሚገኘው በፋርሱ ባለቅኔ በፈሪዱዲን ዐጣር የወሊዮች ታሪክ ውስጥ ነው፤ ዐጣር ደግሞ የሞተው በ13ኛው መቶ ዓመት ነው። በዚሁ መጽሐፍ ሐሰን አልበስሪና ራቢዓ ተገናኝተው ሲከራከሩ፣ ሁልጊዜም እርሷ ስትረታው እናነባለን። ነገር ግን ሐሰን ሲሞት እርሷ ገና የዐሥር ዓመት ያህል ልጅ ስለነበረች ይህ ሊሆን አይችልም። ክርክሩ በሁለት ሰዎች መካከል የተደረገ ሳይሆን በሁለት ትምህርቶች መካከል የተደረገ ነው፤ ተራኪዎቹ ፍርሃትን ሐሰን፣ ፍቅርን ራቢዓ ብለው ሰየሟቸው። ራቢዓ የምትባል ጻድቅ ሴት በባስራ መኖሯ ግን አያጠራጥርም፤ በ9ኛው መቶ ዓመት የነበረው የዚያችው ከተማ ሰው ደራሲው አልጃሒዝ ስሟን ያነሣልና።

ትምህርቱ በቀላሉ የሚዋጥ አልነበረም። ቁርኣን ራሱ ገነትን ተስፋ ይሰጣል፣ በገሃነምም ያስፈራራል። አንዲት ባሪያ ተስፋውንም አልፈልግም፣ ዛቻውንም አልፈራም ስትል ከመጽሐፉ በላይ መሆኗ አይደለምን? ይህ ጥያቄ የተጠየቀው በክፋት አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ቁርኣን በ5ኛው ምዕራፍ በ54ኛው አንቀጽ አላህ ስለሚወዳቸውና እነርሱም ስለሚወዱት ሕዝቦች ይናገራል። የፍቅር ተከራካሪዎች መሠረት ያደረጉት ይህንን አንቀጽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንወድም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የመነኮሳት መጻሕፍት ከሚባሉት ሦስቱ አንዱ ማር ይስሐቅ ነው። የመጽሐፉ ባለቤት ይስሐቅ ዘነነዌ የተወለደው በዛሬዋ ቀጠር አካባቢ ሲሆን፣ የኖረው በ7ኛው መቶ ዓመት በኢራቅና በአጎራባቹ በኩዚስታን ነው። ስለዚህ ራቢዓ ከመነሣቷ መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ ከባስራ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ መነኵሴ በሱርስት ቋንቋ ስለ ባሕታዊ ተጋድሎና ስለ ፍቅረ እግዚአብሔር ይጽፍ ነበር ማለት ነው። ከዚህ ተነሥተው የሱፊዎች ትምህርት ከክርስቲያን መነኮሳት የተቀዳ ነው የሚሉ የአውሮፓ ሊቃውንት ነበሩ። ሉዊ ማሲኞን ግን በ1922 ባሳተማቸው ጥናቶች የሱፊዎች ቃላት የበቀሉት ቁርኣንን ደጋግሞ ከማንበብና ከማሰላሰል መሆኑን በሰፊው አሳይቷል። እኛም ወደዚሁ እናዘነብላለን፤ ጎረቤት ከጎረቤት እሳት ይጫጫራል፣ ወጡን የሚሠራው ግን እያንዳንዱ በየምድጃው ነው።

የክርክሩ መናኸሪያ በ9ኛው መቶ ዓመት ከባስራ ወደ ኸሊፋዎቹ ከተማ ወደ ባግዳድ ተዛወረ። ነገሩ እዚያ ለምን እንደ ጠነከረ ለመረዳት ሁለት የዐረብኛ ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው መሐባ ነው፤ ቁርኣን ከሚጠቀምበት ግሥ የወጣ ስለሆነ ማንም አይነቅፈውም። ሁለተኛው ዒሽቅ ነው፤ ይህ ወንድ ለሴት፣ ሴት ለወንድ የሚያድርባቸውን፣ እንቅልፍ የሚነሣውንና አካል የሚያከሳውን ፍቅር የሚያመለክት ሲሆን በቁርኣን ውስጥ አይገኝም። በአማርኛ ሁለቱንም ፍቅር ብለን ስለምንጠራቸው የክርክሩ ምሬት ላይሰማን ይችላል። ለባግዳድ ሊቃውንት ግን ለፈጣሪ ዒሽቅ አለኝ ማለት ፈጣሪን ከሰው ጋር ማስተካከል፣ ሥጋዊ አሳብንም ወደ እርሱ ማቅረብ ነበር።

አቡልሑሴን አልኑሪ የተባለው ሱፊ ይህንን ቃል በአደባባይ ተናገረው። በ877 ወይም በ878 ጉላም ኸሊል የሚባል፣ ከባስራ የመጣና በሕዝቡም በቤተ መንግሥቱም ዘንድ ተሰሚነት ያገኘ ሰባኪ ኑሪንና ጓደኞቹን ከሃዲዎች ናቸው ብሎ ከሰሰ። ለጉላም ኸሊል ለአምላክ የሚገባው ፍርሃት እንጂ እንዲህ ያለ ፍቅር አልነበረም። የተከሳሾቹ ቍጥር ሰባ ያህል እንደነበረ ይነገራል። ጁነይድ የተባለው የዘመኑ ታላቅ የሱፊ መምህር በሕግ ዐዋቂነቱ ተጠግቶ ከክሱ እንዳመለጠ ጸሐፊዎቹ አልደበቁም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የሱፊ ጸሐፊዎች በየመጽሐፎቻቸው አቆይተውታል። የሞት ፍርድ ተፈርዶ ሰያፊው ሰይፉን ሲመዝ ኑሪ ከጓደኞቹ ቀድሞ ወደ ፊት ወጣ። ሰያፊው ተገርሞ ሰው ወደ ሞት እንዲህ አይቸኵልም ቢለው፣ መንገዳችን የተመሠረተው ወንድምን ከራስ በማስቀደም ላይ ነውና እነዚህ ጓደኞቼ ጥቂት ደቂቃ እንኳ በሕይወት እንዲቈዩ ብዬ ነው አለ። ነገሩ ለኸሊፋው ተነግሮ ጉዳዩ ወደ ዋናው ቃዲ ተመራ። ቃዲው ኑሪን ስለ ውዱእና ስለ ሶላት ሕግ ቢመረምረው ሳይሳሳት መለሰ። ቃዲው እነዚህ ከሃዲዎች ከሆኑ በምድር ላይ እስላም የሚባል የለም የሚል አስተያየት ስላቀረበ ሁሉም ተለቀቁ።

ታሪኩ በወዳጆቻቸው የተጻፈ ስለሆነ ተውቦ ይሆናል። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ይሏል። ኑሪን ያዳነው ስለ ፍቅር የሰጠው ማብራሪያ አይደለም፤ ለጓደኞቹ ያሳየው ሥራና የሕግ ዕውቀቱ ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጡት የሱፊ ሊቃውንት ይህን ትምህርት አልዘነጉትም። ኑሪ ራሱ በ907 የሞተው አንድ ግጥም ሰምቶ ልቡ ተነክቶ፣ በተቈረጠ ሸምበቆ መስክ ላይ ሲመላለስ እግሩ ስለ ቈሰለ ነው ይባላል።

ሁለተኛው ፍርድ ግን በምሕረት አልተፈጸመም። ሑሴን ኢብን መንሱር አልሐላጅ በ858 ገደማ በፋርስ ተወልዶ በባስራና በባግዳድ ከታላላቅ መምህራን ዘንድ ተማረ፤ ከዚያም ከመምህራኑ ተለይቶ እስከ ህንድና እስከ ቱርክስታን እየዞረ ሰበከ። በመጨረሻም ባግዳድ ውስጥ ዓመታት ታስሮ ከቈየ በኋላ መጋቢት 26 ቀን 922 በአደባባይ ተገረፈ፣ ተሰቀለ፣ አንገቱም ተቈረጠ፤ ሬሳው ተቃጥሎ ዐመዱ ከጤግሮስ ወንዝ ተጣለ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሐላጅ በፍቅር ብዛት ራሱን ከአላህ ስሞች በአንዱ ስለጠራ ተገደለ የሚለው ነው። የፍርድ ቤቱ ዋና ጭብጥ ግን ሌላ ነበር፤ ወደ መካ ለመሄድ ያልቻለ ሰው በቤቱ ሥርዓት አዘጋጅቶ፣ የሙት ልጆችን አብልቶና አልብሶ ቢፈጽም ሐጅ ይሆንለታል ብሎ አስተምሯል የሚል ነው። በዚያም ላይ ጊዜው ክፉ ነበር። ቀርማጦች የሚባሉት ዐማፅያን አገሩን ያሸብሩ ነበር፣ በቤተ መንግሥቱም የቪዚሮቹ ሽኵቻ በርትቶ ነበር፤ ሐላጅም ከሁለቱም ወገን ወዳጅና ጠላት አፍርቶ ተገኘ። ስለዚህ ፍቅር ብቻውን ገደለው ለማለት አንደፍርም። ሆኖም ከእርሱ ሞት በኋላ ስለ ፍቅር የሚናገር ሁሉ አንገቱን እየዳሰሰ ይናገር ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በቀጣዮቹ ሁለት መቶ ዓመታት የተሠራው ሥራ ከቅኔው ይልቅ ጸጥ ያለ ነው፤ በእኛ ግምት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። መነሻው ከኑሪ በፊት የነበረው አልሙሐሲቢ (781–857) ነው። ስሙ ራስን ከመተሳሰብ የወጣ ነው፤ ነጋዴ ማታ ማታ ሒሳቡን እንደሚመረምር ሰውም ነፍሱን፣ ያደረገውን ብቻ ሳይሆን ያደረገበትን ምክንያት ጭምር፣ በየቀኑ እንዲመረምር አስተምሯል። ሱፊዎቹ በቁርኣን ውስጥ የነፍስን ሦስት ጠባዮች አገኙ፤ ክፉ የምታዝዘው ነፍስ (12፥53)፣ ራሷን የምትወቅሰው ነፍስ (75፥2)፣ የረካችው ነፍስ (89፥27)። መንፈሳዊ ዕድገት ማለት ከመጀመሪያዋ ወደ ሦስተኛዋ መድረስ ነው።

የዕድገቱን ደረጃዎች ሥርዓት ካስያዙት ሰዎች የቱሱ ሰው አቡ ነስር አልሰራጅ (በ988 የሞተው) ይጠቀሳል። ሰራጅ ሁለት ነገሮችን ለየ። መቃም የሚባለው ሰው በጥረቱ ወጥቶ የሚቆምበት ሥፍራ ሲሆን፣ እኛ ማዕረግ ብንለው ሳይሻል አይቀርም። ሓል የሚባለው ግን ከአምላክ ሳይታሰብ ወደ ልብ የሚወርድና የሚያልፍ ስሜት ነው፤ ማንም በጥረቱ ሊያመጣው አይችልም። ሰራጅ የቈጠራቸው መቃሞች ሰባት ናቸው፤ እነርሱም ንስሐ፣ ከአጠራጣሪ ነገር መራቅ፣ ዓለምን መናቅ፣ ድህነት፣ ትዕግሥት፣ መመካት፣ ባለው መደሰት ናቸው። ፍቅርን ከእነዚህ ጋር አልቈጠረውም፤ ከሓሎች መካከል ነው ያኖረው። ይህ ቀላል የቦታ ጉዳይ እንዳይመስል። ፍቅር ስጦታ ከሆነ፣ አለኝ ብሎ የሚመካበት ሰው የለም፤ ለመቀበል ግን ቤቱን መጥረግ የባለቤቱ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ የመነኮሳት ትምህርት ከዐሥሩ ማዕረጋት ስድስተኛው ፍቅር ተብሎ መጠራቱን የሚያውቅ አንባቢ፣ ሁለቱ ወገኖች ፍቅርን በመሰላሉ ላይ የት እንዳኖሩት ማነጻጸር ይችላል።

የመሰላሉን አሠራር የፈጸመው አቡ ሓሚድ አልገዛሊ (1058–1111) ነው። ገዛሊ በ1091 በባግዳድ በኒዛሚያ ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ተሾመ፤ ራሱ እንደ ጻፈው ሦስት መቶ ተማሪዎች ያዳምጡት ነበር። በ1095 ግን ከሚያስተምረው ነገር ይልቅ ዝናን እንደሚፈልግ ስለ ተረዳ በብርቱ ተጨነቀ፤ ምላሱም ተይዞ ማስተማር ተሳነው። ሹመቱን ትቶ ወደ ደማስቆ፣ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ መካ ሄደ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው እንደገና በኒሻቡር ማስተማር የጀመረው። በዚህ በስደቱ ዘመን የደረሰው ኢሕያእ ዑሉም አድዲን የተባለው መጽሐፉ አርባ ክፍል ያለው ሲሆን፣ ሠላሳ ስድስተኛው ክፍል ስለ ፍቅር የተጻፈ ነው።

ገዛሊ የሚጀምረው የተቃዋሚዎቹን ቃል በማቅረብ ነው። እነዚህ ሊቃውንት ሰው ሊወድ የሚችለው መሰሉን ብቻ ነው፣ ፈጣሪ ደግሞ መሰል የለውምና ፈጣሪን መውደድ ማለት ትእዛዙን አዘውትሮ መጠበቅ ነው እንጂ ሌላ አይደለም ይሉ ነበር። ገዛሊ በቀጥታ አይመልስላቸውም፤ ሰው ለመሆኑ አንድን ነገር የሚወደው ስለ ምንድን ነው? ብሎ ከታች ይነሣል። ምክንያቶቹንም አምስት ያደርጋቸዋል። ሰው በመጀመሪያ ሕልውናውንና ሕልውናው የሚጠበቅበትን ይወዳል። ሁለተኛም መልካም ያደረገለትን ይወዳል። ሦስተኛም ለእርሱ ባያደርግለት እንኳ ለሌላው መልካም የሚያደርገውን ይወዳል፤ ሩቅ አገር ያለ፣ ግብሩም ፍርዱም የማይደርስብን ደግ ንጉሥ መኖሩን ብንሰማ ልባችን ወደ እርሱ ያዘነብላልና። አራተኛም ውበትን ስለ ውበትነቱ ይወዳል፤ ውበትም በዐይን የሚታየው ብቻ አይደለም፣ ሰዎች በዐይናቸው ያላዩአቸውን የቀድሞ ነቢያትንና ኢማሞችን እስከ ሞት ድረስ የሚወዱት በውስጣዊ ውበታቸው ነው። አምስተኛም በሁለት ነፍሳት መካከል ባለ በተሰወረ ዝምድና ይወዳል። እንግዲህ ይላል ገዛሊ፣ እነዚህ አምስቱ በአንድነትና በፍጹምነት የሚገኙት በአንዱ በፈጣሪ ዘንድ ብቻ ከሆነ፣ በእውነት ሊወደድ የሚገባው እርሱ ብቻ ነው፤ ሌላውን የሚወድ ሰው ሳያውቀው የእርሱን ጥላ ይወዳል።

ክርክሩ እንደ ሐላጅ ቃል ልብ አያቃጥልም፤ አንዳንዴም የሒሳብ መምህር የሚያስተምር ይመስላል። ኃይሉ ግን በዚሁ ላይ ነው። ገዛሊ ፍቅርን የማዕረጋት ሁሉ ጫፍ አደረገው፤ ከእርሱ በፊት ያሉት ንስሐ፣ ትዕግሥትና ዓለምን መናቅ ወደ እርሱ የሚያደርሱ መንገዶች፣ ከእርሱ በኋላ ያሉት ናፍቆትና ደስታ የእርሱ ፍሬዎች ሆኑ። ከሰራጅ የሚለይበትም እዚህ ላይ ነው፤ ፍቅር ለገዛሊ ሰው በዕውቀትና በተግሣጽ ሊዘጋጅለት የሚችል ማዕረግ ነው። ይህንን የጻፈው ደግሞ ማንም በከሃዲነት ሊጠረጥረው የማይችል የሕግ ሊቅ ነው። ታናሽ ወንድሙ አሕመድ (በ1126 የሞተው) በፋርስኛ ስለ ዒሽቅ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ደረሰ፤ የፋርስ የፍቅር ቅኔ ብዙ ነገር የተዋሰው ከዚያ ነው። የዚህ ቅኔ ትልቁ ሰው ጀላሉዲን ሩሚ (1207–1273) ስለሆነና ስለ እርሱም ብዙ ስለ ተጻፈ እኛ እዚህ አንዘገይም።

መጽሐፍ ብቻውን ደረሳን አያሳድግም። በ12ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ያስተማረው አብዱልቃድር አልጀይላኒ (በ1166 የሞተው) የሚከተለው የሕግ ወገን ሐንበሊ ነው፤ ይኸውም በጥብቅነቱ የታወቀው ወገን ነው። በአንድ ግቢ ሕግ ያስተምር፣ ሕዝብ ይመክር፣ ደረሶችንም በመንፈሳዊ ሥርዓት ይመራ ነበር። ከእርሱ በኋላ በስሙ ቃዲሪያ የተባለው ጠሪቃ ተቋቋመ። ጠሪቃ ማለት መንገድ ማለት ነው። ሙሪዱ በሸሁ እጅ ቃል ይገባል፣ የሚደግመው ዚክር ይሰጠዋል፣ የነፍሱን ድካም ለሸሁ ይገልጻል፣ ሲበስልም ፈቃድ አግኝቶ ሌላውን ያስተምራል። በዚህ ዓይነት ከኑሪ ዘመን ጀምሮ አደገኛ ሆኖ የኖረው ነገር መምህር፣ ሰዓትና ተራ ተበጀለት።

ወደ እኛ አገር የገባውም በዚህ መልክ ነው። ቃዲሪያ በቀይ ባሕር ንግድና በሐጅ መንገድ መጥቶ አስቀድሞ በሐረር እንደ ጸና ይነገራል። በወሎ ከተነሡት የቃዲሪያ መምህራን ታዋቂው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያረፉት የጀማ ንጉሡ ሸህ መሐመድ ሻፊ ናቸው፤ ጀማ ንጉሥም የመውሊድ በዓል የሚከበርበት ታላቅ ሥፍራ ሆነ። የመዲናው ሰው ሙሐመድ አስሰማን (1718–1775) የመሠረተው ሰማኒያ የተባለው ጠሪቃ ደግሞ ከሱዳን ጋር በነበረው ግንኙነት በ19ኛው መቶ ዓመት ገባ። ጌታ፣ ዳናና ሾንኬም ስመ ጥር የትምህርት ሥፍራዎች ሆኑ። የታሪክ መምህሩ ሑሴን አሕመድ በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ እነዚህ ማዕከሎች የሕግ ትምህርትንና የሱፊ ሥርዓትን ሳይለያዩ ያስተምሩ እንደነበር አስረድተዋል።

በዐረብኛ የተደረሰው መጽሐፍ ለደረሳው ነው፤ ገበሬውና ባልቴቷ ግን ዐረብኛ አያውቁም። ስለዚህ የወሎ ሸሆች በአማርኛ መንዙማ ደረሱ። መንዙማ ማለት በሥርዓት የተሰካ፣ የተገጠመ ቃል ማለት ነው። ሰዎች በወዳጃ ተሰብስበው ቡናው ሲፈላ፣ ዱዓው ሲደረግ፣ አንዱ ያወጣል ሌላው ይቀበላል፤ ትምህርቱ ከዜማው ጋር ይገባል።

በእነዚህ መንዙማዎች ውስጥ የፍቅር ቃል እጅግ ይበዛል። ነገር ግን የራቢዓን ፍቅር ፈልጎ የሚመጣ አንባቢ አንድ ለውጥ ያስተውላል፤ አብዛኛው ፍቅርና ናፍቆት የሚነገረው ለነቢዩ ሙሐመድና ለመዲና ነው። ሸሆቹ ለምን ወደዚህ አዘነበሉ? ግምታችን ይህ ነው። ሰው የሚወደው መሰሉን ነው ያሉት የጥንቶቹ ተቃዋሚዎች ክርክር በነቢዩ ላይ አይሠራም፤ ነቢዩ ሰው ናቸውና። መንገደኛ በእግሩ ሄዶ ሊደርስባት የሚችል ከተማ፣ የሚሳለመው መቃብር አለ። ስለዚህ ገዛሊ በአምስት ምክንያት የደከመበትን ነገር የወሎ ባለመንዙማ በናፍቆት ፈታው።

ይህ ፍቅር ከጦርም አላመለጠም። በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ባዘዙ ጊዜ ኢማም መሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ሸህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር (በ1936 ገደማ ያረፉት) ግን እንቢ ብለው ተነሡ። እኒሁ ሸህ ጠልሃ በጦሩ ብቻ ሳይሆን በአማርኛ ግጥማቸውም ሕዝቡን በሃይማኖቱ እንዲጸና ያበረቱ ነበር። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1926 የኢትዮጵያ እስላሞችን የአማርኛ መዝሙሮች ሲያሳትም ይህ ሥነ ጽሑፍ በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ መታወቅ ጀመረ። ዛሬ መንዙማንና የወሊይ መቃብር ዚያራን ከሃይማኖቱ ውጪ የሆነ ጭማሪ ነው የሚሉ እስላሞች አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የአባቶቻቸው የፍቅር መንገድ ነው ይላሉ። የጉላም ኸሊልና የኑሪ ችሎት አሁንም አልተዘጋም።

መንዙማዎቹ የሚጻፉት በዐጀም፣ ይኸውም በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ ነው። የዐረብኛ ፊደል ጨ፣ ጰ፣ ኘ ስለሌሉት ጸሐፊዎቹ ነጥብ መጨመር ወይም ቀረብ ያለ ድምፅ ካለው ፊደል መዋስ ነበረባቸው። ፍቅር የሚለውን ቃል ለመጻፍ ግን ምንም አይጐድልባቸውም፤ ፋእ፣ ቃፍ፣ ራእ ይበቃል። የአናባቢ ምልክት ካልተደረገባቸው እነዚሁ ሦስት ፊደላት በዐረብኛ ፈቅር ተብለው ይነበባሉ፤ ትርጓሜውም ድህነት፣ በሰራጅ መሰላል ላይ አራተኛው መቃም ነው። ደረሳው የትኛው እንደሆነ የሚለየው ከዐረፍተ ነገሩ ነው።